ኢንተርኔቱ ሳይጠፋባችሁ የቤታችሁን ራውተር የምትቆልፉበት ቅደም ተከተል

"ዋይፋዩን ልቆልፍ ብዬ ነካካሁት፤ አሁን ጭራሽ ኢንተርኔት የለም።" ይህን ዓይነት ስልክ የማይደወልልኝ ወር የለም። ደዋዩ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ አንዳንዴ የጎረቤት ዘመድ ነው። ሥራው ከባድ ሆኖባቸው አይደለም። ተራው ተዛብቶባቸው ነው። መጨረሻ የሚነካውን መጀመሪያ ይነኩታል። ወይም የዋይፋዩን ፓስወርድ ብቻ ቀይረው ዋናውን በር ወለል አድርገው ትተውት ይነሳሉ።

ስለዚህ ከታች ያለውን በተጻፈበት ተራ ሥሩት። ሁለት ሰዓት መድቡለት። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትዝለሉ።

ከመነካካታችሁ በፊት

መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አትጀምሩ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ። ቤት ውስጥ ሰው ስብሰባ ወይም ትምህርት ላይ ከሆነም አትጀምሩ፤ በየመሀሉ ኮኔክሽኑ ይቋረጣል።

እነዚህን አቅርቡ፦

- ላፕቶፕና የኔትወርክ ገመድ። ገመዱ ብዙ ጊዜ በራውተሩ ካርቶን ውስጥ አብሮ ይመጣል። ላፕቶፕ ከሌለ ስልክ ይበቃል፤ ለደረጃ 4 ግን ላፕቶፑና ገመዱ ያስፈልጋሉ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። "ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ" አትበሉ። ስልኩ ራሱ የምትሠሩበት ዕቃ ነው።
- ሞባይል ዳታ ያለው ሌላ ስልክ። ነገር ከተበላሸ ወደ ውጭ የምትደውሉበትና የምትጠይቁበት እሱ ነው።

ራውተሩን ገልብጡና ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ሞዴሉ፣ የመግቢያ ቁጥሩ፣ የመጀመሪያው ስምና ፓስወርድ እዚያ ላይ አሉ።

በስልክ የምትሠሩ ከሆነ ሞባይል ዳታውንም ቪፒኤኑንም (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞረውን አፕ) አጥፉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ሰዓቱን የሚያቃጥለው። ዳታው በርቶ ከሆነ ስልኩ የራውተሩን ገጽ በሞባይል ኔትወርክ በኩል ሊፈልገው ይችላል፤ በዚያ በኩል ደግሞ አያገኘውም። ቪፒኤን ከበራም እንደዚያው።

አሁን አንድ ክልክል ነገር። ከራውተሩ ጀርባ በመርፌ የምትጫን ጠባብ ቀዳዳ አለች። ሪሴት ትባላለች። አትንኳት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ የራሴን ጉድ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ የራውተሩን በር ፈልጉ

ራውተሩ ቤት ውስጥ የራሱ አድራሻ አለው። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። አንዳንድ የሁዋዌ ፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1 ይጠቀማሉ። በኪስ የሚያዙት የሁዋዌ ዋይፋዮች ደግሞ 192.168.8.1።

እርግጠኛ ለመሆን ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ ግቡ፣ ዋይፋይ በሉ፣ የተገናኛችሁበትን ስም ንኩ። አንድሮይድ ላይ "ጌትዌይ"፣ አይፎን ላይ "ራውተር" ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር እሱ ነው።

ቁጥሩን ብራውዘሩ ላይ፣ ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ ጻፉ። ነጥቦቹን አትርሱ።

ካልከፈተስ?

- የጉግል ፍለጋ ውጤት ከመጣ ቁጥሩን የጻፋችሁት መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወይም አንድ ነጥብ ዘላችኋል።
- "ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ከመጣ፣ እዚህ ላይ ብቻ ማለፍ ይቻላል። በቤታችሁ ውስጥ ካለው ሳጥን ጋር ነው የምትነጋገሩት። የባንክ ገጽ ላይ ያው ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን ዘግታችሁ ውጡ።
- ዝም ካለ ገመዱን ሰክታችሁ በላፕቶፕ ሞክሩ።

ቤታችሁ ሁለት ሳጥን ካለ፣ ማለትም ድርጅቱ የሰቀለው የፋይበር ሳጥንና እናንተ ከሱቅ የገዛችሁት ራውተር፣ ሁለቱም የየራሳቸው በር አላቸው። ሁለቱንም መቆለፍ አለባችሁ። ከፋይበሩ ሳጥን ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ግቡ፣ ግን ገና ምንም አትቀይሩ

ስምና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ፎቶ ያነሳችሁትን ወረቀት ተመልከቱ። ያረጁ ራውተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቦታ "አድሚን" ነው፤ በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት።

ይህ ፓስወርድ የዋይፋዩ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የዋይፋዩ ፓስወርድ የግቢ በር ቁልፍ ነው። ይህኛው ግን ቁልፍ ቀራጩ ነው። እሱን የያዘ ሰው የፈለገውን ቁልፍ ይቀርጻል፣ የእናንተን ይሰርዛል፣ ትራፊካችሁንም ወደ ፈለገው ይመራል።

አልገባም ካለ እየደጋገማችሁ አትገምቱ። ከጥቂት ስህተት በኋላ ይቆልፋችኋል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና አንዴ ብቻ በጥንቃቄ ሞክሩ። አሁንም እምቢ ካለ ገጣሚው ቴክኒሻን ቀይሮት ይሆናል። ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ደውሉና ጠይቁ። ሪሴቷን አሁንም አትንኩ።

ደረጃ 3፦ የግንኙነቱን ገጽ ፎቶ አንሱ

"ዋን" ወይም "ኢንተርኔት" የሚል ገጽ ፈልጉ። እዚያ ፒፒፒኦኢ የሚባል የግንኙነት ዓይነት ልታዩ ትችላላችሁ። ከሥሩ የተጠቃሚ ስም ይኖራል። ቪላን የሚል ቁጥርም ሊኖር ይችላል። ሁሉንም ፎቶ አንሱ። ስሙንና ቁጥሩን በወረቀትም ጻፉ። የፒፒፒኦኢ ፓስወርዱ በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ከደንበኝነት ውላችሁ ላይ ፈልጉት፤ ወይም ደውላችሁ ጠይቁና አጠገቡ ጻፉት።

ጉዴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ራውተሬ ሲንቀራፈፍብኝ ሪሴቷን በመርፌ ተጫንኳት። አዲስ ይሆናል ብዬ። እውነትም አዲስ ሆነ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ። የግንኙነት ስሙና ፓስወርዱ አብረው ጠፉ። ዋይፋዩ ይታያል፣ ስልኩ ይገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ውሉ ደግሞ የት እንዳለ አላውቅም። ሦስት ቀን በሞባይል ዳታ ኖርኩ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኔው መርፌ ነበር።

ራውተሩ "ባክአፕ" የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኑትና ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ ፈርምዌሩን አድሱ

ፈርምዌር የራውተሩ ውስጣዊ ፕሮግራም ነው። የታወቁ ቀዳዳዎች የሚደፈኑት በእሱ ነው። በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለ ቫይረስ በ54 አገሮች ከ500,000 በላይ ራውተሮችንና መሰል ዕቃዎችን ይዞ ተገኝቶ ነበር። ብዙዎቹ ያልታደሱና የታወቀ ቀዳዳ ያለባቸው ነበሩ።

1. በገመድ ተገናኙ። በዋይፋይ አታድሱ።
2. "ሲስተም ቱልስ" ወይም "ማኔጅመንት" ሥር "አፕግሬድ" የሚለውን ፈልጉ።
3. ራሱ የሚፈልግበት ቁልፍ ካለ እሱን ተጫኑ። ከሌለ ፋይሉን ከአምራቹ የራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ከተለጠፈ ፋይል ራቁ።
4. ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የሞዴሉን ቁጥርና "ቨርዥን" ከፋይሉ ጋር አመሳክሩ። ቲፒ-ሊንክ አንድን ሞዴል በተለያየ ቨርዥን ይሸጣል። የአንዱ ፋይል ለሌላው አይሆንም፤ ሊገድለውም ይችላል።
5. ከተጀመረ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። 10 ደቂቃ ያህል አትንኩት።

መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ራውተሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ስለ መብራት የለመንኳችሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ያለው ሰው በእሱ ይሰካው። መብራቱ ተመልሶ ራውተሩ እንደ ድንጋይ ዝም ካለ ለብቻችሁ አትታገሉት፤ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። የድርጅቱ ንብረት ከሆነ ደውሉላቸው።

ድርጅቱ የሰቀለው ሳጥን ላይ የማደሻ ቁልፉ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። እነሱ ከርቀት ያድሱታል። እለፉት።

ደረጃ 5፦ ቁልፍ ቀራጩን ቀይሩ

አሁን የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ቀይሩ። "አካውንት"፣ "ዩዘር" ወይም "ፓስወርድ" ከሚለው ገጽ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ከወረቀቱ ላይ እያያችሁ አስገቡ። ተራው ይህ ነው። ገብቶ ከዚያ የሚጽፍ ሰው አንድ ፊደል ተሳስቶ በራሱ በር ላይ ይቀራል።

"የእኔን ራውተር ማን ይፈልገዋል?" ትሉ ይሆናል። በስም የሚፈልጋችሁ የለም። ማሽን ነው የሚፈልጋችሁ። በ2016 ሚራይ የተባለው ፕሮግራም ኢንተርኔቱን እያሰሰ 60 ገደማ የሚሆኑ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ብቻ ይሞክር ነበር። በዚያ ብቻ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ሰብስቦ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት ከመስመር አወጣ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም።

ደረጃ 6፦ ዋይፋዩን ቆልፉ

የምስጠራ ዓይነቱን በመምረጥ ጀምሩ። ደብልዩ-ፒ-ኤ-3 ካለ እሱን፣ ከሌለ ደብልዩ-ፒ-ኤ-2 ከኤ-ኢ-ኤስ ጋር። ደብልዩ-ኢ-ፒ ወይም ቲኪፕ የሚል ካያችሁ አውጡት። 3ን መርጣችሁ አሮጌው ቴሌቪዥን አልገባም ካለ የ2 እና የ3 ድብልቅ የሚለውን ውሰዱ።

ቀጥሎ ስሙ። የቤት ቁጥራችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ የኮንዶሚኒየም ብሎካችሁን አትጻፉበት። የራውተሩን ሞዴል የሚያሳብቀውን የፋብሪካ ስምም ቀይሩት።

ፓስወርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የብዙ ቤት የዋይፋይ ፓስወርድ የአባወራው ስልክ ቁጥር ነው። 10 አሃዝ ስለሆነ ረጅም ይመስላል። ግን 09 ብሎ እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል። የቀሩት 8 አሃዞች ናቸው። ይህ 100 ሚሊዮን ግምት ነው። በደብልዩ-ፒ-ኤ-2 ላይ አንድ ሰው ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር ሲጨባበጥ ያለውን ምልክት ከውጭ ከቀዳ፣ ቤቱ ተቀምጦ በጥሩ የጌም ኮምፒውተር ሁሉንም በደቂቃዎች ይሞክራቸዋል። በ07 ቢጀምርም ለውጥ የለውም።

ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ደርድሩ። ለምሳሌ ምጣድ፣ ቀጭኔ፣ ማክሰኞ፣ ጎማ። ይህንኑ ግን አትገልብጡ። ተረትና የዘፈን ግጥምም አይሁን። ለቤተሰብ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ለማሽን ግን መከራ።

ሴቭ ስትሉ ሁሉም ዕቃ ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም። በየስልኩ የድሮውን ስም "ፎርጌት" በሉትና እንደ አዲስ ግቡ። ካሜራውና ፕሪንተሩ ስሙን አላየውም ካሉ ራውተሩ ከሚያስተላልፍባቸው ሁለት ሞገዶች 5 ጊጋኸርዝ በሚባለው ላይ እየፈለጋችሁላቸው ይሆናል። ብዙዎቹ 2.4 የሚባለውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ሁለት ምክሮችን ግን አትስሙ። "ስሙን ደብቁት" የሚለው አይረዳም፤ የተደበቀ ስም በነጻ አፕ ይታያል። "የማክ አድራሻ (የየዕቃውን መለያ ቁጥር) አጣሩ" የሚለውም ድካም ብቻ ነው፤ የአሁን ስልኮች የማክ አድራሻቸውን ራሳቸው ሊቀይሩት ይችላሉ። አንድ ቀን ራሳችሁን ዘግታችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ደረጃ 7፦ የጓሮውን በሮች ዝጉ

ደብልዩ-ፒ-ኤስን አጥፉ። በአንድ ቁልፍ ወይም በ8 አሃዝ ፒን የሚያስገባው ነገር ነው። ችግሩ ፒኑ ላይ ነው። ራውተሩ ፒኑን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚመረምረው። የመጨረሻው አሃዝ ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዛሬም ግን በብዙ ቤት እንደበራ ነው።

"ሪሞት ማኔጅመንት" የሚለውን አጥፉ። ከውጭ ሆኖ ወደ ራውተሩ ገጽ መግባትን የሚፈቅድ እሱ ነው። ቲ-አር-069 የሚል ገጽ ካያችሁ ግን ተዉት። አገልግሎት ሰጪው ሳጥኑን የሚያስተካክልበት መንገድ ነው፤ ከዘጋችሁት ችግር ሲገጥማችሁ ከርቀት መርዳት አይችሉም።

ዩ-ፒ-ኤን-ፒን አጥፉ። ይህ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ሳያስፈቅዳችሁ ወደ ውጭ በር እንዲከፍት ያደርጋል። ካጠፋችሁት በኋላ ልጃችሁ "ጌሙ አልሰራም" ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። ተደራደሩ።

"ፖርት ፎርዋርዲንግ" የሚለው ዝርዝር ባዶ መሆኑን እዩ። ከውጭ ወደ ቤታችሁ ዕቃ የሚከፈቱ በሮች (ፖርቶች) ዝርዝር ነው። እዚህ ላይ የማውቀው አንድ ታሪክ አለ። አሜሪካ ያለ ወንድም አዲስ አበባ ባለው ቤት ካሜራ ያስገጥማል። "ከዚህ ሆኜ እናቴን ልያት፤ ፖርት ክፈቱልኝ" ይላል። ይከፈትለታል። እሱ እናቱን ያያል፤ ፓስወርዱን የገመተ ሁሉም እናቱን ያያል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ፖርቱን አትክፈቱ። በካሜራው የራሱ አፕ ይግባ፣ የፋብሪካ ፓስወርዱን ይቀይር፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው ያብራ።

ደረጃ 8፦ ለእንግዳና ለተከራይ ሌላ ዋይፋይ

አከራይና ተከራይ በአንድ ራውተር የሚጠቀሙበት ግቢ ብዙ ነው። ወር ሲደርስ ሒሳቡን ይካፈላሉ። መልካም ነው። ግን ሁሉም በአንድ ፓስወርድ ከገባ አንዱ በቫይረስ የተያዘ ላፕቶፕ የሁሉንም ዕቃ መነካካት ይችላል።

"ጌስት ኔትወርክ" የሚለውን አብሩ። የተለየ ስምና የተለየ ፓስወርድ ስጡት። "እርስ በርስ እንዲተያዩ ፍቀድ" የሚል ምርጫ ካለ አጥፉት። ተከራይ፣ እንግዳ፣ ካሜራና ስማርት ቴሌቪዥን ሁሉም እዚያ ይግቡ። ዋናው ለቤተሰቡ ስልክና ላፕቶፕ ይቅር። ተከራይ ሲለቅ የምትቀይሩት የጌስቱን ብቻ ነው።

"የጎረቤት ዋይፋይ በነጻ" የሚሉ አፖችን ማንም ስልኩ ላይ እንዳይጭን ንገሩ። አንዳንዶቹ የእናንተን ፓስወርድ ወስደው ለሌላው ያካፍላሉ።

ደረጃ 9፦ ዲኤንኤሱንና ዝርዝሩን እዩ

ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይር ማውጫ ነው። ሌባ ራውተር ውስጥ ሲገባ ከሚቀይራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የባንኩን ስም ትጽፋላችሁ፤ የሱን የውሸት ገጽ ያመጣላችኋል።

"ዋን" እና "ዲኤችሲፒ" ገጾች ላይ የዲኤንኤስ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። "አውቶማቲክ" ከሆነ ጥሩ። 8.8.8.8 የጉግል ነው፣ 1.1.1.1 የክላውድፍሌር፣ 9.9.9.9 የኳድ9። ባዶ ወይም 0.0.0.0 ከሆነ፣ ወይም የራውተሩ የራሱ ቁጥር ከሆነም ችግር የለም። ማንም ያላስገባው ባዕድ ቁጥር ካያችሁ ግን ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ደውላችሁ የእነሱ መሆኑን ጠይቁ። አይደለም ካሉ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ያቺ የመርፌ ቀዳዳ የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው። ራውተሩ በርቶ ሳለ ሪሴቷን 10 ሰከንድ ያህል ያዙ። የግንኙነት ስሙንና ፓስወርዱን ከወረቀታችሁ መልሱና ከደረጃ 4 ጀምሩ። ባክአፑን አትመልሱት፤ ባዕዱን ቁጥር አብሮ ይዞት ይመጣል።

ከዚያ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር ክፈቱ። የማታውቁት ስም አለ? ወዲያው "ሌባ!" አትበሉ። የየቤተሰቡን ስልክ ዋይፋይ አንድ በአንድ አጥፉና ማን ከዝርዝሩ እንደሚወጣ እዩ። ብዙ ጊዜ ያ ምስጢራዊ ዕቃ የሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው።

"አይፒህን ይዤዋለሁ" የሚል ሰው ከመጣ

አይፒ ኢንተርኔት ላይ ያላችሁ የአድራሻ ቁጥር ነው። ቴሌግራም ላይ ተጣልታችሁ አንዱ ይህን ቁጥር ለጥፎ ሊያስፈራራችሁ ይችላል። አትደንግጡ፤ መጀመሪያ ቁጥሩን እዩት።

1. በ192.168 ወይም በ10 እና ነጥብ ("10.") ከጀመረ የቤት ውስጥ ቁጥር ነው። ያው ቁጥር በሚሊዮን ቤቶች አለ። እየቀለደባችሁ ነው።
2. ሌላ ከሆነ "ዋን" ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። የእናንተ ዋን ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መሀል ከሆነ፣ ወይም በ"10." ከጀመረ፣ በውጭ የምትታዩት ከሌሎች ደንበኞች ጋር በጋራ በያዛችሁት አድራሻ ነው። በዚያ ቁጥር ቀጥታ ወደ ቤታችሁ መግባት አይቻልም።
3. በእርግጥ የእናንተ ከሆነም የሚነግረው አገልግሎት ሰጪያችሁን እና በግምት ከተማችሁን ነው። ግምቱም ይስታል፤ ሐዋሳ ተቀምጣችሁ አዲስ አበባ ሊላችሁ ይችላል። ስማችሁንና የቤት ቁጥራችሁን ከአድራሻው ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ያለው አገልግሎት ሰጪው ጋ ነው።
4. ደረጃ 5ንና 7ን መጨረሳችሁን አረጋግጡ። ከዚያ ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ቋሚ አይፒ ካልገዛችሁ ብዙ ጊዜ ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል።
5. ዛቻው ከቀጠለ የመልእክቱን ስክሪንሾት አስቀምጡና ለፖሊስ አመልክቱ።

ለዚህ ብላችሁ የመጀመሪያውን ነጻ ቪፒኤን አትጫኑ። ቪፒኤን አድራሻችሁን ከድረ ገጹ ይደብቃል፤ የጎበኛችሁትን ሁሉ ግን የቪፒኤኑ ባለቤት ማየት ይችላል።

መሀል ላይ ኢንተርኔቱ ከጠፋ

መብራቶቹን እዩ። የፋይበር ሳጥን ላይ "ሎስ" የሚለው ቀይ ከበራ የነካችሁት ሴቲንግ አይደለም ያጠፋው። ቀጭኗ የፋይበር ገመድ ታጥፋለች ወይም ከውጭ ተቆርጣለች። ጫፏን ነቅላችሁ ዓይናችሁን አታስጠጉ፤ ውስጧ የማይታይ ሌዘር አለ። ደውሉ።

ቀይ ከሌለና ዋይፋዩ ከሠራ የግንኙነቱን ገጽ ከደረጃ 3 ፎቶ ጋር አስተያዩ። የተለየ ነገር ካለ እንደነበረ መልሱት፣ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ 5 ደቂቃ ስጡት።

ቴክኒሻን ቤት ከመጣ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ራሳችሁ አስገቡለት። ነግራችሁት ከሆነ ደግሞ በሩን ዘግቶ እንደወጣ ደረጃ 5ን ድገሙ። ወረቀቱን ከራውተሩ ሥር አትለጥፉት፤ ከቤት ካርታው ጋር አስቀምጡት።